ማህተሙ የማን ነው? ኢ-ሜይልን ስለማረጋገጥና ስለ ስፓም

(በሬድዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለህትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርዕሳችን ከመስጂድ ይልቅ ለኮምፒዩተር ትምህርት ቤት የሚስማማ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ አማና አለ፤ የዘካ ገንዘብ አለ፤ ለሐጅ የተጠራቀመ ጥሪት አለ፤ ከሁሉም በላይ በአላህና በመልዕክተኛው ስም የሚነገር ቃል አለ። ርዕሱ «ይህ ኢ-ሜይል በእርግጥ ስሙ ከተጻፈው ሰው የመጣ ነውን?» የሚል ጥያቄ ነው።

እስቲ እንዲህ ያለ ሁኔታ እናስብ። ረመዳን ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በውጭ አገር የምትኖር አንዲት እህት ኢ-ሜይሏን ስትከፍት የምታውቀው የመስጂድ ኮሚቴ ስም ከላይ ተጽፎ ታገኛለች። መልዕክቱ በሰላምታ ይጀምራል፤ ስለ የቲሞች ያወሳል፤ ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ እንዳለበት ያስታውሳል፤ ከዚያም አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሰጣል። የተነገረው ሁሉ እውነት ነው። ሐሰቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ላኪው ነው። እህታችን በነየተችው ልክ አጅሯን ከአላህ ዘንድ እንደምታገኝ ተስፋ እናደርጋለን። የቲሙ ግን በዒድ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

ኢ-ሜይል ለምን በቀላሉ ይጭበረበራል?

ዛሬም ድረስ ኢ-ሜይል የሚጓዝበት ሥርዓት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ደንብ ነው። በዚያን ጊዜ በመረቡ የሚገለገሉት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋማት ሰዎች ነበሩ። እርስ በርስ ስለሚተማመኑ «ላኪው ማን ነው?» የሚለውን የሚያጣራ ዘዴ በደንቡ ውስጥ አላስቀመጡም። በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለግነውን የላኪ ስም መጻፍ እንደምንችለው ሁሉ፣ በኢ-ሜይልም ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የጻፈው እንደወረደ ይተላለፋል።

ማንም ሳይጠይቀው ለብዙ ሰው ማስታወቂያ የሚበትን ሰው ግን ከዚያም በፊት ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ወደ 400 ለሚጠጉ የመረቡ ተጠቃሚዎች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ብዙዎች ተቆጡ። ስፓም የምንለው ነገር የመጀመሪያ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። ዛሬ ሚሊዮን መልዕክት መላክ የሚያስወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከሚሊዮኑ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቢታለሉ እንኳ አጭበርባሪው ያተርፋል።

የመጀመሪያው መከላከያ የመልዕክቱን ይዘት እያነበቡ መለየት ነበር። «ሽልማት ደርሶሃል» የሚል ቃል ያለበት ወደ ጎን ይደረጋል። አጭበርባሪውም ቃሉን ይለውጣል። ወንጪፉ ሲጠብቅ ድንጋዩም ይቀየራል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ባለሙያዎቹ «ምን ተባለ?» ከሚለው በፊት «ማን አለ?» የሚለውን መጠየቅ እንደሚገባ ተረዱ። ይህ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማህተም

ኢማም ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለፋርሱ ኪስራ፣ ለሮሙ ቀይሰርና ለሐበሻው ነጃሺ ደብዳቤ ለመጻፍ በፈለጉ ጊዜ፣ ነገሥታቱ ማህተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። በመሆኑም የብር ቀለበት አሠሩ፤ በላዩም «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚል ጽሑፍ አስቀረጹ። በዚሁ ጉዳይ በመጡ ዘገባዎች ውስጥ እንደሰፈረው፣ ሌላ ማንም ሰው በቀለበቱ ላይ ይህንኑ ጽሑፍ እንዳይቀርጽ ከለከሉ።

ወንድሞችና እህቶች! እዚህ ላይ ሦስት ነጥቦችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ማህተሙ ያስፈለገው ተቀባዩ እርግጠኛ እንዲሆን ነው። ሁለተኛ፣ ማህተሙ ዋጋ የሚኖረው በአንድ እጅ ብቻ ሲገኝ ነው። ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚቀርጸው ቀለበት ግን አንድ ብቻ ነው። ወደ ዲጂታል ፊርማ ስንመጣ እነዚህን ሦስቱን መልሰን እናገኛቸዋለን።

ያ ቀለበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ በአቡበክር፣ ቀጥሎም በዑመር፣ ከዚያም በዑሥማን (ረ.ዐ) እጅ ነበር። በዑሥማን ዘመን ቁባእ አካባቢ ባለችው የአሪስ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቀን ቢፈለግም አልተገኘም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ደግሞ፣ በዑሥማን የመጨረሻ ዘመን ወደ ግብጽ በሚወስደው መንገድ ላይ የኸሊፋው ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ተያዘ። በደብዳቤው ላይ ከግብጽ የመጡት ሰዎች እንዲቀጡ የሚያዝ ቃል ነበረበት። ዑሥማን (ረ.ዐ) እንዳልጻፉት፣ እንዳላዘዙትና እንደማያውቁት በአላህ ስም ማሉ። ፊትናው ግን አልቆመም፤ በ35ኛው ዓመተ ሒጅራ በግፍ ተገደሉ። የተጭበረበረ ማህተም ምን ያህል ደም ሊያፈስ እንደሚችል ከዚህ በላይ አስረጂ አያሻም።

ዲጂታል ፊርማ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። ዲጂታል ፊርማ ሲባል በወረቀት ላይ የምንፈርመውን በስካነር አንስቶ መለጠፍ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። እንዲያ ያለውን ሥዕል ማንም ገልብጦ በሌላ ደብዳቤ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ዲጂታል ፊርማ ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ከመልዕክቱ ፊደላት በመነሳት አንድ አጭር ቁጥር ያሰላል። ይህን የመልዕክቱ አሻራ እንበለው። ከመልዕክቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። «1000 ብር» የሚለው «10000 ብር» ቢደረግ ወዲያውኑ ይታወቃል።

ቀጥሎ ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱ የምስጢር ቁልፍ ነው፤ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ሌላው ይፋ ቁልፍ ነው፤ ለዓለም ሁሉ ይሰጣል። ፊርማው የሚሠራው በምስጢር ቁልፉ ብቻ ነው፤ ትክክለኛነቱን ግን ይፋ ቁልፉን የያዘ ሁሉ ሊያረጋግጥ ይችላል። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1976 በሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ በዲፊና በሄልማን፣ ታተመ። በቀጣዩ ዓመት በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ምሁራን በሥራ ላይ የሚውል ስሌት አገኙለት።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። 61ን በ53 ማባዛት ለተማሪ ልጅ አይከብድም፤ መልሱ 3233 ነው። ነገር ግን 3233 ብቻ ተሰጥቶት «ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ተገኘ?» ቢባል ብዙ ይደክማል። በዛሬዎቹ ቁልፎች ውስጥ ያለው ቁጥር ከ600 አሃዝ በላይ ርዝመት ስላለው፣ ዛሬ ያሉት ኮምፒዩተሮች ከነኃይላቸው ወደ ኋላ ተመልሰው ሊፈቱት አይችሉም። የእንዲህ ዓይነቱ ስሌት መጠሪያ የሆነው አልጎሪዝም የሚለው ቃል ከሙስሊሙ የሒሳብ ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ መሆኑን፣ በምስጢር ጽሑፍ ፍቺ ላይም አል-ኪንዲ በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጽሐፍ መጻፉን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።

ይህ በግለሰብ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ፒ.ጂ.ፒ በተባለ ፕሮግራም ለሕዝብ ቀርቧል። ሆኖም ቁልፍ ማዘጋጀቱና መለዋወጡ ለተራው ሰው ስለከበደ በየቤቱ አልገባም። መፍትሔ የሆነው ሸክሙን ከግለሰቡ ላይ አንስቶ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ መጣል ነበር። ያሁና ሲስኮ የተባሉት ኩባንያዎች ያቀረቧቸው ሁለት ዘዴዎች ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ2007 ዲኪም የተባለው ደንብ ወጣ።

በዲኪም አሠራር አንድ ድርጅት ይፋ ቁልፉን ዲ.ኤን.ኤስ በሚባለው የኢንተርኔት የስም መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ኢ-ሜይል ሲላክ የድርጅቱ ሰርቨር በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል። ተቀባዩ ሰርቨር ደግሞ መዝገቡን አይቶ ፊርማውን ያመሳክራል። እኛ ሳናውቀው ይህ ሁሉ በቅጽበት ያልቃል። ከዲኪም ጋር ሁለት አጋዦች አሉት። ኤስ.ፒ.ኤፍ የተባለው በድርጅቱ ስም መላክ የሚፈቀድላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲማርክ የተባለው ደግሞ የተፈረመበት ስም ከላይ ለአንባቢው ከሚታየው የላኪ አድራሻ ጋር መግጠሙን ይመለከታል፤ ካልገጠመም መልዕክቱ ይለፍ፣ ወደ ስፓም ይግባ ወይስ ይመለስ የሚለውን ባለቤቱ አስቀድሞ ያዘበታል።

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ብዙ መልዕክት የሚልኩ ድርጅቶች ሦስቱንም እንዲያሟሉ አስገድደዋል፤ በጉግል በኩል ይህ የሚመለከተው በቀን ከ5000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልኩትን ነው። ማይክሮሶፍትም በ2025 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል።

ቁልፉ ደካማ ከሆነ ግን ማህተሙም ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ጉግል ራሱ ይጠቀምበት የነበረው ቁልፍ 512 ቢት ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ቁልፉን ሰብሮ፣ ከኩባንያው መሥራቾች በአንደኛው ስም ለሌላኛው ኢ-ሜይል ላከ። ጉግልም ብዙ ሳይቆይ ወደ 2048 ቢት ከፍ አደረገው።

ፊርማ የማያረጋግጠው ነገር

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ፊርማው ትክክል ነው ማለት ሰውየው ታማኝ ነው ማለት አይደለም። ፊርማው የሚነግረን መልዕክቱ ከየትኛው ዶሜይን እንደወጣና በመንገድ ላይ ፊርማው ያረፈበት ክፍል እንዳልተነካ ብቻ ነው። አጭበርባሪም የራሱን ዶሜይን ገዝቶ በትክክል ሊፈርም ይችላል።

የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን ይህን ልዩነት ከሺህ ዓመት በፊት አጥርተው አውቀዋል። ሐዲስ ሲመጣላቸው በቅድሚያ ኢስናዱን፣ ማለትም ማን ከማን እንደሰማ፣ ጠየቁ። ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ ኢስናድን የዲን አካል አድርገው ያዩት፣ እርሱ ባይኖር ማንም የፈለገውን ይናገር እንደነበር በመረዳታቸው ነው። የሰንሰለቱ መታወቅ ብቻውን ግን አልበቃቸውም። «ይህ ሰው ዓዲል ነውን? ትውስታው ጠንካራ ነውን? ሲዋሽ ተገኝቶ ያውቃልን?» እያሉ የእያንዳንዱን አስተላላፊ ሕይወት መዘገቡ። ዛሬም የኢ-ሜይል ድርጅቶች የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው። ፊርማው የላኪውን ማንነት ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ የዚያ ላኪ የኋላ ታሪክ ታይቶ ወደ ውስጥ ይገባል ወይም ወደ ስፓም ይጣላል። ስም ሳይረጋገጥ ግን የማንን ታሪክ ማየት ይቻላል?

ሌላው፣ የእውነተኛ ሰው አካውንት በሌባ እጅ ሊገባ ይችላል። በዚያን ጊዜ መልዕክቱ በወንድማችን ስም፣ በትክክለኛ ፊርማ ይመጣል። ቀለበቱ እውነተኛ ነው፤ የያዘው እጅ ግን የሌባ ነው። ለዚህ የሚሆን የኮምፒዩተር መድኃኒት የለም። መድኃኒቱ ስልክ አንስቶ መጠየቅ ነው።

«ወንድሜን ብጠይቀው የጠረጠርኩት አይመስለውም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይህ ይሉኝታ የብዙዎችን ገንዘብ አስበልቷል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ታሪክ፣ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ሳይፈቀድላቸው ሲቀር በተመለሱ ጊዜ፣ ይህን ያደረጉት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰሙት መሠረት መሆኑን ለዑመር (ረ.ዐ) ነገሯቸው። ዑመርም ምስክር እንዲያመጡ ጠየቋቸው፤ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይም መሰከሩላቸው። አቡ ሙሳ ታላቅ ሰሐባ ነበሩ። ዑመርም ለማጣራት እንጂ በውሸት ሊከሷቸው አልነበረም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛ አንቀጽ ላይ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። እናም ማጣራት ክፉ ጥርጣሬ አይደለም።

በእኛው እጅ የሚሰራጨው ስፓም

የስፓም ነገር ሲነሳ ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ አንቀስር። የመዲና መስጂድ አገልጋይ የሆነ ሸይኽ አሕመድ የተባለ ሰው አየው የሚባለውን ሕልም የያዘ ወረቀት ያላየ ቤት ይኖር ይሆን? «ይህን አባዝቶ ያላሰራጨ ጉዳት ያገኘዋል፤ ያሰራጨ ሀብት ያገኛል» የሚል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በእጅ ጽሑፍ፣ በፎቶ ኮፒ፣ ከዚያም በኢ-ሜይልና በስልክ ሲዞር ኖሯል። ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ባዝ (ረሒመሁላህ) ሐሰት መሆኑን ገልጸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈውበታል። ላኪው አይታወቅም፤ ኢስናድ የለውም፤ በማስፈራራት ይባዛል። ስፓም ማለት ይኸው ነው። ሰው የሰማውን ሁሉ ሳያጣራ ማውራቱ ከውሸት እንደሚያስቆጥረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። በስማቸው የሚዋሽ ደግሞ ማረፊያው ምን እንደሆነ ይታወቃል። «ላክ» የሚለውን መጫንም ማውራት ነው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስሙን ሳይሆን አድራሻውን እናንብብ። ከላይ የሚታየውን ስም ላኪው የፈለገውን አድርጎ ይጽፈዋል። አድራሻው ውስጥ ከ«አት» ምልክት በኋላ ያለውን ፊደል በፊደል እንይ። በአማርኛ «ሰ» እና «ሠ» ለጆሮ አንድ እንደሆኑት፣ በላቲን ፊደልም «ኦ» በዜሮ፣ «ኤል» በአንድ ቁጥር ተተክተው ዓይንን ያታልላሉ።

ሁለተኛ፣ በኮምፒዩተር ጂሜይል ለሚጠቀሙ፣ ከተቀባዩ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ሲጫኑ ዝርዝር ይወጣል። በእንግሊዝኛ «ሳይንድ ባይ» ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው የፈረመው ዶሜይን ነው። ከላኪው አድራሻ ጋር ይግጠም አይግጠም ይመልከቱ። ወላጆች ካልቻሉ ልጆች ያሳዩአቸው፤ ይህም ለወላጅ በጎ መዋል ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም የሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል መልዕክት ሲመጣ ቀድሞ በእጃችን ባለ ስልክ ደውለን እናረጋግጥ። በመልዕክቱ ውስጥ በተሰጠው ስልክ አይሁን፤ ሌባ ለሌባ ምስክር አይሆንምና።

አራተኛ፣ የሐጅ ጉዞን በተመለከተ ከአገር ቤት የሚሄድ በመጅሊሱ በኩል፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚሄድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የሳዑዲ መንግሥት ኑሱክ አማካይነት ይመዝገብ። በድንገት በኢ-ሜይል ለመጣ ርካሽ የሐጅ ጥሪ ገንዘብ አይላክ። በዲቪ ስም ለሚመጣውም እንዲሁ፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዕጣ እንደደረሰ በኢ-ሜይል እንደማያሳውቅ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል።

አምስተኛ፣ የይለፍ ቃልን፣ የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥርን ለማንም አንስጥ። ይህ የእኛ ቀለበት ነው፤ ከወደቀ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።

ስድስተኛ፣ ለስፓም መልስ አንስጥ። «ስፓም» የሚለውን ምልክት ተጭነን እናስወግደው፤ ይህ ሌሎችንም ይጠብቃል።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችና ለበጎ አድራጎት ማኅበራት

የሰው ዘካና ሰደቃ የምትሰበስቡ ወንድሞችና እህቶች! የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁ ዲኪም፣ ኤስ.ፒ.ኤፍና ዲማርክ ተስተካክለው እንደሆነ ባለሙያችሁን ጠይቁ። ለሚያውቅ ሰው ረጅም ሥራ አይደለም። የምስጢር ቁልፉና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ፤ ኃላፊ ሲቀየርም ይቀየር። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማህተም ሙዐይቂብ (ረ.ዐ) በኃላፊነት ይጠብቁት እንደነበር ተዘግቧል፤ ማህተም ጠባቂ ይፈልጋል። የሒሳብ ቁጥራችሁንም በመስጂድ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፤ ምእመኑ የሚያመሳክርበት ይኑረው።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚበተን ማስታወቂያን የሚመለከት ድንጋጌ አለው። በ2018 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1072 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የተጭበረበረ ሰው ዝም ማለት የለበትም፤ ለባንኩና ለፖሊስ ፈጥኖ ያመልክት። ማፈር የሚገባው አጭበርባሪው እንጂ የተታለለው አይደለም።

ሰዓታችን ስለተገባደደ በዚህ እናብቃ። ልጆቻችን የሐዲስ ኢስናድ ሲማሩ ያቺው ጥያቄ በስልካቸውም ላይ እንደምትሠራ እንንገራቸው፦ «ከማን ነው የሰማኸው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሳያውቁም አያስተላልፉ።

አላህ (ሱ.ወ) ገንዘባችንን ከሌባ፣ ምላሳችንንና ጣታችንን ከሐሰት ይጠብቅልን። አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።